የጠፉት ሰዓታት፦ ድንገተኛ የሆድ ሕመም በሐረር

በ1037 በፋርስ ምድር፣ በሃማዳን ከተማ ኢብን ሲና በሆድ ሕመም ሞተ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የዘመኑ ሐኪሞች ቁለንጅ የሚሉትን፣ አንጀት ታስሮ ሰውን የሚያንፈራፍረውን ሕመም አበጥሮ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ስለዚሁ ሕመም ብቻ ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፏል። ሕመሙ በራሱ ላይ ሲነሣ ግን ቶሎ ለመዳን ቸኩሎ በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ አንጀቱን በመድኃኒት አሳጠበ፤ በዚህም የተነሣ አንጀቱ መቁሰሉን ደቀ መዝሙሩ አል ጁዝጃኒ በጻፈው የሕይወት ታሪክ መዝግቦታል። ሐረር የእስልምና ትምህርት መዲና ሆና ስታድግ የተቀላቀለችው ይህንኑ የዕውቀት ዓለም ነው። ያ ዓለም ሕመሙን ለይቶ ያውቃል፣ ምልክቱን ይዘረዝራል፣ መንሥኤውን ይተነትናል፤ ሆድን ከፍቶ የተጠመዘዘውን የሚያቃና፣ የተበሳውን የሚሰፋ እጅ ግን አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘመናት ያ እጅ ቀስ በቀስ ወደ ሐረር ቀርቧል። የዚህ ትረካ ክርክርም ከዚሁ ይነሣል። በሐረር ድንገተኛ የሆድ ሕመም ሰው የሚገድለው ከበሽታው ክፋት ይልቅ ሕመሙ ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ የቀዶ ሐኪም እጅ እስኪደርስ በሚጠፋው ጊዜ ነው። መንገዱና ሆስፒታሉ ይህን ጊዜ በእጅጉ አሳጥረውታል፤ ከሁሉ ያላጠረው ሕመምተኛው ቤቱ ተኝቶ ይሻለኛል እያለ የሚያሳልፈው ነው።

ኤሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የጀጎልን ግንብ ሲያስገነቡ ከተማይቱ ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኘው በአምስት በሮች ሆነ፤ በሮቹም ሲመሽ ይዘጉ ነበር። በዚያ ግንብ ውስጥ ሌሊት ሆዱን የቆረጠው ሰው የሚያገኘው እርዳታ በግቢውና በጎረቤቱ ያለውን ነው፤ ጥቁር አዝሙድ ይወቀጥለታል፣ አብሽ ይበጠበጥለታል፣ ሆዱ በቅባት ይታሻል፣ ቁርአን ይቀራለታል። ከግንቡ ውጭ፣ በተለይ በደጋው አገር፣ ጤና አዳም፣ ፌጦና ኮሶ ነበሩ። ይህን ሁሉ እንደ ድንቁርና መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው። አብዛኛው የሆድ ቁርጠት ነፋስ ነው፣ ወስፋት ነው፣ የማይስማማ ምግብ ነው፤ መድኃኒት ቢወሰድም ባይወሰድም በማግሥቱ ይሻላል። ልማዱ ሥር የሰደደው በብዙ እውነተኛ መዳን ላይ ቆሞ ስለሆነ፣ ጉዳት በሚያመጣበት ቦታም በቀላሉ አይለቅም። ጉዳት የሚያመጣው ደግሞ አንጀት ሲዘጋ ወይም ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ነው። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አንጀትን አጥብቆ ይገፋል፤ ወደ ፊት መውጫ ከሌለ ግፊቱ የሚያርፈው በደከመው ግድግዳ ላይ ነው፤ ግድግዳውም ይበሳል። የተጠመዘዘ አንጀትን ማሸትም እንዲሁ ነው።

የግብፅ ጦር ሐረርን ከ1875 እስከ 1885 ይዟት ቆየ። በጥር 1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ገቡባት፣ መኰንንም ገዥዋ ሆኑ። በእነዚሁ ዓመታት መካከል፣ በ1886፣ ሬጂናልድ ፊትዝ የተባለ የቦስተን ሐኪም በቀኝ የታችኛው ሆድ ለሚጠራቀመው መግል መነሻው ትርፍ አንጀት መሆኑን አሳየ፤ መፍትሔውም ሳይፈነዳ በጊዜ ከፍቶ ማውጣት እንደሆነ ተከራከረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የኒው ዮርኩ ቻርልስ ማክበርኒ ሕመሙ ጎልቶ የሚሰማበትን ነጥብ፣ በእምብርትና በቀኝ ዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ለይቶ አመለከተ። ትምህርቱ ስለ ጊዜ ነበር። የትርፍ አንጀት ሕመም መጀመሪያ በእምብርት ዙሪያ ግልጽ ያልሆነ ቁርጠት ሆኖ ይነሣል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ያቅለሸልሻል፤ ከሰዓታት በኋላ ወደ ቀኝ ወርዶ አንድ ቦታ ይይዛል። የመጀመሪያው ቀን ካለፈ የመፈንዳት አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። ተጠምዝዞ ደም የተቋረጠበት አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ጨጓራ ወይም ከሥሩ ያለው ቀጭን አንጀት ሲበሳ ሕመሙ እንደ ጩቤ በአንድ ቅጽበት ይወጋል፤ ሆድ ድርቅ ይልና ሰውየው መተንፈስ እንኳ እየፈራ ሳይነቃነቅ ይተኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካለፉ በአሲዱ ላይ ጀርም ይጨመርበታል። ከማህፀን ውጭ የያዘ ጽንስ ሲፈነዳ ደግሞ ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ይፈሳል፤ ሴቲቱ ለቀናት የመጠበቅ ዕድል የላትም።

እነዚህን ሰዓታት በዚያው ዘመን ከሐረር እስከ ቅርቡ የቀዶ ሐኪም ከነበረው ርቀት ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ ማስረጃውም የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር ሲነግድ ኖሮ በጉልበቱ ላይ በወጣ እባጭ ምክንያት በሚያዝያ 1891 ከተማይቱን ለቀቀ። 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ዘይላ ወደብ የደረሰው ከዐሥራ አንድ ቀን ገደማ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወደ ኤደን፣ ከኤደንም ወደ ማርሴይ ተሻግሮ እግሩ በግንቦት መጨረሻ ተቆረጠ። የራምቦ ሕመም ለወራት የሚያቆይ ዕጢ ስለነበረ ጉዞውን ችሎታል። አንጀቱ የተጠመዘዘ ሰው፣ የራምቦን ያህል ገንዘብና ተሸካሚ ቢኖረውም እንኳ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በመንገድ ላይ ይሞት ነበር። ስለዚህ በ1891 የሐረር ሰው ሆዱን ይዞ ቤቱ መተኛቱ ከብልኅነት የራቀ አልነበረም። የትም ቢሄድ አይደርስም ነበርና መጠበቅ የማይነቀፍ ምርጫ ነበረ። ልማዱ የተወለደው ከዚህ እውነታ ነው፤ አስቸጋሪው ነገር እውነታው ከተለወጠ በኋላም ልማዱ አለመለወጡ ነው።

ለውጡ የተጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ነው። በ1902 ራስ መኰንን የምኒልክ እንደራሴ ሆነው ለኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሄዱ። በዓሉ ሰኔ 26 ሊሆን ተወስኖ ሳለ ከሁለት ቀን በፊት ንጉሡ በድንገተኛ የሆድ ሕመም ምክንያት በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ተኙ። በዘመኑ በዓለም ዙሪያ ከሁሉ ይልቅ የተወራለት የትርፍ አንጀት ሕመም በተከሰተበት ሰሞን የሐረር ገዥ ከዘውዱ ተጋባዦች አንዱ መሆናቸው ለዚህ ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው። ንጉሡ ከታመሙ ዐሥር ቀን ገደማ ሆኗቸው ነበር። የዓለም ታላቁ ግዛት ባለቤት፣ ምርጥ ሐኪሞች በአልጋቸው ዙሪያ ቆመው፣ በዓሌ አይስተጓጎልም በማለት ጠበቁ። ቀዶ ሐኪሙ ፍሬደሪክ ትሬቭስ ራሱ ለብዙ ጊዜ ሕመሙ እስኪበርድ መጠበቅን ይመክር የነበረ ሰው ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የገዛ ሴት ልጁን በዚሁ በሽታ አጥቷል። ንጉሡ የዳኑት መግሉ በአንድ ቦታ ታቅፎ ስለቆየ ነው፤ ትሬቭስ ከፍቶ አስወጣው፣ ዘውዱም ነሐሴ 9 ተጫነ። ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። መዘግየት የድሃ አገር ወይም ያልተማረ ሰው ጠባይ አይደለም። ሕመምን በትንሹ መተርጎምና ከነገ ጋር መደራደር የሰው ሁሉ ባሕርይ ነው። በሐረርና በለንደን መካከል የነበረው ልዩነት ንጉሡ በመጨረሻ እሺ ሲሉ ቀዶ ሐኪሙ በሚቀጥለው ክፍል መኖሩ ነው።

ራስ መኰንን በዚያው ዘመን በሐረር ሆስፒታል አቋቋሙ፤ የዛሬው የጀጎል ሆስፒታል መነሻ እሱ ነው። በሐረር ከሠሩት የመጀመሪያ ሐኪሞች አንዱ የጓዴሉፕ ተወላጁ ዶክተር ቪታልየን ነበር፤ ለልጅ ተፈሪ፣ ለኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ፈረንሳይኛ ያስተማረውም እሱ ነው። በታኅሣሥ 1902 ከጂቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ። የዐሥራ አንድ ቀን ቃሬዛ በአንድ ጊዜ ታሪክ ሆነ። ሆኖም ሆስፒታል መኖሩ ብቻ ሆድ የታመመን አያድንም። ያ ዘመን ፔኒሲሊን ያልተገኘበት፣ ደም መስጠት ገና ያልተለመደበት ነበር፤ ሆድን መክፈት በአውሮፓም ቢሆን ብዙ ሰው ይገድል ነበር። ከዚህም ሌላ አንድ ክፉ ዑደት ይጀምራል። ሰው በአራተኛው ቀን፣ ሆዱ በመግል ከተሞላ በኋላ ይመጣል፤ ቢቀደድም ባይቀደድም ይሞታል፤ ሠፈሩም ሆስፒታል ገብቶ ሞተ ይላል። የሚቀጥለው ሕመምተኛ ይህን ሰምቶ ይበልጥ ይዘገያል። መዘግየት ራሱን የሚያጸድቅበትን ምስክር እየፈጠረ ይሄዳል። በቀዶ ሕክምና ላይ ያለው ፍርሃት ከዕውቀት ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ ሰዎች በዓይናቸው ያዩትን ነው የሚናገሩት፣ ያላዩት ሟቹ የመጣበትን ሰዓት ነው።

በ1921 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዛካሪ ኮፕ ስለ ድንገተኛ የሆድ ሕመም ምርመራ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሐኪሞች እስከ ዛሬ እየታደሰ ያነቡታል። ኮፕ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ ጤነኛ የነበረ ሰው ብርቱ የሆድ ሕመም ይዞት ስድስት ሰዓት ከዘለቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው የሚል ነው። ይህ ደንብ ማሽን አይፈልግም፤ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ብቻ ይበቃዋል። ለሐረር ይህን ያህል የሚስማማ የሕክምና ሐሳብ አላውቅም። ግን ደንቡ በተጻፈ በ15 ዓመቱ የሐረር ሆስፒታሎች ራሳቸው ዒላማ ሆኑ። መጋቢት 29 ቀን 1936 የጣልያን አውሮፕላኖች ያልተመሸገች ከተማ ተብላ የታወጀችውን ሐረርን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገባቸው ሕክምና ቤቶችም አልተረፉም። በግንቦት ከተማይቱ ተያዘች፣ በመጋቢት 1941 ነጻ ወጣች። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ፔኒሲሊን፣ ከ1948 ወዲህ ደግሞ ለአንጀት ተስቦ ክሎራምፌኒኮል በዓለም ተዳረሰ። ከዚህ በኋላ ሆድ መከፈት የሞት ፍርድ መሆኑ ቀረ፤ ቶሎ የመጣ ሰው መዳን ተራ ነገር መሆን ጀመረ።

ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ዐሥርት ዓመታት የሕመሙ መንሥኤ ራሱ ከኑሮ ጋር እንደሚለዋወጥ ያስተማሩ ናቸው፤ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህ ክፍል ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ድንገተኛ የሆድ ሕመም ሲባል ጎልቶ የሚታየው የአንጀት መዘጋት ነበር፤ ከእሱም ውስጥ የትልቁ አንጀት ጫፍ በራሱ ላይ መጠምዘዝ። ከእህልና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኝ ገለባማ ምግብ የሚበላ ሕዝብ አንጀቱ ረጅምና ሰፊ ይሆናል፤ ረጅም አንጀት ደግሞ ለመጠምዘዝ ይመቻል። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ጎልማሳ ወይም ሽማግሌ ወንድ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ሲመታም ድምፅ ይሰጣል፤ ዓይነ ምድርም ነፋስም አይወጣውም፤ ትውከቱ ዘግይቶ ይመጣል። በ1947 ኖርዌያዊው ብሩስጎርድ ይህ ሕመም አንጀቱ ገና ሕያው ከሆነ ያለ ቀዶ ሊረዳ እንደሚችል አሳየ፤ በመቀመጫ በኩል በመሣሪያ እየታየ ለስላሳ ጎማ ይገባል፣ የታመቀው ነፋስና ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ሆዱም ወዲያው ይሟሽሻል። መጠምዘዙ ሊመለስ ስለሚችል ቀዶው ኋላ በዝግጅት ይደረጋል። ቶሎ የመጣና ዘግይቶ የመጣ ሰው ዕጣ እዚህ ላይ ለዓይን በሚታይ መንገድ ይለያያል። ለአንዱ ጎማ ይበቃዋል፤ የሌላው አንጀት ጠቁሮ ሞቷልና ተቆርጦ ይጣላል፣ ምናልባትም ለወራት በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይጸዳዳል። በሽታው ያው አንድ ነው።

የቀጭኑ አንጀት መጠምዘዝ ሌላ ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ በአፍጋኒስታን የሠሩ ሐኪሞች ሕመሙ በረመዳን ወር እንደሚበዛ አስተዋሉ፤ ማብራሪያቸውም ቀኑን ባዶ በዋለ አንጀት ላይ ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲወርድ የከበደው አንጀት በሥሩ ላይ ይዞራል የሚል ነበር። ረመዳን በጥብቅ በሚጾምባት፣ ከግንቡ ውጭ ደግሞ የኦርቶዶክስ ጾም በሚጾምባት ሐረር ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ጾም በሽታ ያመጣል ማለት ግን አይደለም፤ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ጾሞ በጤና ያፈጥራል። ነገሩ የሚመለከተው የማፍጠሪያውን መጠንና ፍጥነት ነው፤ ከዚያ ይበልጥ ግን ከማፍጠር በኋላ የመጣን ብርቱ ቁርጠት ጥጋብ ነው ብሎ የማለፍን ልማድ። ትርፍ አንጀት በተራው በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ የሆድ ሕመም ቀዳሚ መንሥኤ ሆኖ ተመዝግቧል። ለምን? በአፍሪካ ለረጅም ጊዜ የሠራው ዴኒስ በርኪት በ1971 የገለባማ ምግብ መቀነስ ነው አለ፤ ዴቪድ ባርከር በ1985 አይደለም፣ የንጽሕና መለወጥ የሰውነትን መከላከያ አሠራር ስለሚለውጥ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ አልተቋጨም፤ ሁለቱም ግን ሕመሙ ከከተማ ኑሮ ጋር እንደሚመጣ ይስማማሉ። ለሐረር የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ትርፍ አንጀት የሌላ አገር ሰው በሽታ ነው የሚለው የድሮ ግምት ዛሬ አያዋጣም።

በ1977 እና በ1978 የሶማሊያ ጦር ሐረር አፋፍ ድረስ በደረሰበት ጦርነት ሆስፒታሎቹ በጥይትና በፍንጣሪ በተበሳ ሆድ ተሞሉ። የኩባ ሐኪሞችም ከወታደሮቻቸው ጋር መጡ። ጦርነት ለቀዶ ሕክምና ያስተማረው ሆዱ የተመታ ሰው አይዘገይም የሚለውን ነው፤ የቆሰለን ወታደር ቤቱ ተኝቶ ይሻለዋል የሚል ሰው የለም። ከውስጥ የተበሳ አንጀት ከውጭ በጥይት ከተበሳው ያነሰ አደጋ የለውም። ልዩነቱ አንዱ ደም ማሳየቱ ነው።

እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን በ1855 በሐረር ዐሥር ቀን ሲቆይ ሊቃውንቱ ጫት ሲቅሙ አይቶ ጽፏል፤ ዛሬ ሐረርና አጎራባቿ አወዳይ የጫት ንግድ እምብርት ናቸው። ጫት የጨጓራን መፍሰስ እንደሚያዘገይና ሆድ እንደሚያደርቅ ታውቋል፤ በየመን የተደረገ ጥናትም ከቀጭን አንጀት ቁስለት ጋር አያይዞታል። ጫት ብቻውን አንጀት ይበሳል ብሎ መደምደም ከማስረጃው ያልፋል። የጨጓራ ቁስለት ዋነኛ መንሥኤ ማርሻልና ዋረን በ1982 ያገኙት ሄሊኮባክተር የተባለ ጀርም ነው፤ ለዚህም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሁለተኛው መንሥኤ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ፣ በየፋርማሲው በቀላሉ የሚሸጡ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። እኔ ጫትን የማነሣው በሌላ በኩል ነው። ሆዱ መድረቅና መነፋት የዕለት ኑሮው የሆነ ሰው፣ ሦስተኛ ቀኑን ነፋስ ሳይወጣው ሲቀር ከወትሮው የተለየ ነገር መሆኑን በምን ያውቃል? ጫት በሽታውን ያመጣ አያመጣ እንጃ፣ ምልክቱን ግን ይሸፍናል፤ የሚበላውም ሰዓት ነው።

የውኃው ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ሐረር ትጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ2004 እና በ2005 ገደማ ደረቀ። ከተማይቱ ከድሬዳዋ በኩል ከሐሰሊሶ የጉድጓድ ውኃ በቧንቧ እስኪመጣላት ድረስ ለዓመታት በጀሪካንና በወረፋ ኖረች። ውኃ ሲጎድል የአንጀት ተስቦ፣ ሕዝቡ ታይፎይድ የሚለው፣ ሰበብ ያገኛል። ታይፎይድ የቀጭኑን አንጀት መጨረሻ ያቆስላል፤ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ቁስሉ ይበሳል። ይህ አደጋ ለታይፎይድ ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከምን ሰው ሁሉ የሚመለከት ነው። ትኩሳቱ ሲወርድ ቤተሰብ ተመስገን ሲል፣ ሌሊቱን ድንገት ሆዱን ይይዘዋል፣ የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ ሆዱ ይጠጥራል። በሕመም የደከመ ሕፃንና ሽማግሌ፣ ወይም ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ብዙ አይጮኽም፤ ስለዚህ አልጋ ላይ መተኛት ብቻውን መዳን አይደለም፣ ማታ ማታ ሆዱን የሚዳስስ እጅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ታይፎይድ ከልክ በላይ ይባላል። በ1896 የተገኘው የዊዳል የደም ምርመራ በየክሊኒኩ ይደረጋል፤ ቀድሞ የተያዘ ወይም የተከተበ ሰው ላይም አለ ሊል ይችላል። ትርፍ አንጀቱ የተቆጣ ወጣት ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ተብሎ መርፌ ጀምሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ መርፌው ትኩሳቱን ለሁለት ቀን ያበርደዋል፣ በሦስተኛው ቀን ሆዱ በመግል ይሞላል። እዚህ ላይ ሰዓቱን ያጠፋው ሕመምተኛው አይደለም።

ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ከከተማዋ ሌላ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከሶማሌ ክልልም የሚመጣ ሕመምተኛ ይቀበላል። በ2009 ገደማ አገሪቱ ጤና መኮንኖችን አስተምራ በወረዳ ሆስፒታል ድንገተኛ ቀዶ እንዲያደርጉ ማሰልጠን ጀመረች። በ2015 የላንሴት ኮሚሽን የአንድ አገር ቀዶ ሕክምና ከሚለካባቸው ሦስት ሥራዎች አንዱ ሆድ መክፈት እንደሆነ ገለጸ፤ ለእነዚህም ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ እንዳለበት አመለከተ። እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ችግሩ የሐኪም፣ የደም፣ የማደንዘዣ እጥረት ሆኖ ሳለ ስለ ቤት መዘግየት ማውራት ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ መጫን ነው ይባላል። እጥረቱ እውነት ነው፤ ወቀሳውም ሕመምተኛውን ብቻ አይመለከትም። ግን ሁለቱ የተለያዩ አይደሉም። በመጀመሪያው ቀን የተገኘ ትርፍ አንጀት በአጭር ቀዶ ይወጣል፣ ሰውየው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ቤቱ ይገባል። በአምስተኛው ቀን የመጣው ሆዱ ሁሉ መታጠብ አለበት፣ ደም ይፈልጋል፣ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ለሳምንታት አልጋ ይይዛል፤ የሌላ ሦስት ሰው ቦታ ይወስዳል ማለት ነው። ጥቂት ሐኪምና ጥቂት አልጋ ላለው ሆስፒታል ከማንም ይበልጥ የሚጎዳው የዘገየ ሕመምተኛ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሁሉ ሰው ለቁርጠቱ ቢመጣ ድንገተኛ ክፍሉ ይጨናነቃል የሚል ነው። ሁሉ እንዲመጣ ግን አይጠየቅም። ሕመሙ እየጨመረ ስድስት ሰዓት ያለፈው፣ ነፋስ ያቆመ፣ ሲያስል ወይም ባጃጁ ጉድጓድ ሲመታ ሆዱን የሚወጋው፣ ሆዱ የጠጠረ፣ ያስመለሰው አረንጓዴ የሆነ፣ በብሽሽቱ ያበጠ ነገር አልመለስ ያለው፣ ወሯ ያለፈባትና ራሷን የሳተች ሴት ይምጡ። ከእነዚህ መካከል ቀዶ የማያስፈልገው ቢገኝ፣ ለአንድ ሌሊት በግሉኮስ ተኝቶ መታየቱ ኪሳራ አይደለም። ማስታገሻ ምርመራውን ያበላሻል የሚለው የቆየ ፍርሃትም፣ ኮፕ ራሱ ያስተማረው ቢሆንም፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ በተደረጉ ሙከራዎች አልጸናም፤ ሐኪም እያየ የሚሰጠው መርፌ ውሳኔውን አያሳስትም። አደገኛው ፋርማሲ በር ላይ ተወግተው ወደ ቤት የሚመለሱበት ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ አዲስ ነው። የፊንላንድ ሐኪሞች በ2015 ትርፍ አንጀት በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ብቻ ሊታከም እንደሚችል አሳይተዋል፣ ታዲያ ምን ያስቸኩላል? ነገር ግን በሙከራው የገቡት በሲቲ ስካን አለመፈንዳቱ የተረጋገጠላቸው፣ ሆስፒታል ተኝተው የታዩ ሰዎች ናቸው፤ በአምስት ዓመት ውስጥም ከመቶ 39 የሚሆኑት ሕመሙ ተመልሶባቸዋል። መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ለመጣ ሰው መሆኑን ሙከራው ራሱ ያረጋግጣል።

ገንዘብም አለ። በ2011 በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የካርዱንና የቀዶውን ዋጋ ሲያቀል፣ የመንገዱንና የአስታማሚውን ወጪ አያነሣም። ፊርማም አለ። ቀዶ ይደረግ ሲባል አጎት ከፈዲስ፣ ወንድም ከጅጅጋ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ሌሊቱ ያልፋል። በ1994 ታዴዩስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች የእናቶችን ሞት ሲመረምሩ መዘግየትን በሦስት ከፍለውታል፤ ለመሄድ ለመወሰን፣ ለመድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ለመታከም። ለሆድ ሕመምም ይኸው ይሠራል፣ ግን የሚሠራው ሰዓቱ ሲጻፍ ነው። ሕመምተኛ ከባቢሌ ወይም ከጉርሱም ሪፈር ተጽፎለት ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የተሰጠው መድኃኒት ይሞላል። ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ከቤት በስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ድንገተኛ ክፍል በስንት ሰዓት እንደገባና በስንት ሰዓት እንደተከፈተ የሚጻፍባቸው አራት ባዶ መስመሮች በእያንዳንዱ ሪፈር ወረቀትና ካርድ ላይ ቢጨመሩ፣ በጀጎልና በሕይወት ፋና ያሉ ሐኪሞች በአንድ ዓመት ውስጥ ሰዓቱ የሚጠፋው በአስታማሚው ቤት፣ በክሊኒኩ፣ በመንገዱ ወይስ በራሳቸው ኮሪደር መሆኑን ከግምት ወጥተው መናገር ይችላሉ፤ ገንዘብና ባለሙያ የት መመደብ እንዳለበትም ከዚያው ይታወቃል።